ዴስክቶፔን በውሃ ማቀዝቀዝ፦ የግንፍሌ ማስታወሻ

መስከረም 20፣ 2017

ትናንት ማታ ኮምፒውተሩ ሬንደር (ከዲዛይኑ ምስል ማውጣት) መሃል ላይ እያለ ለሦስተኛ ጊዜ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሥራዬ የሕንፃ ምስል ነው። አርክቴክቶች ዲዛይናቸውን ይልኩልኛል፣ እኔ ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ምስል አደርገዋለሁ። 40 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ምስል አሁን አንድ ሰዓት ከሩብ እየወሰደ ነው።

ያለኝ ዕቃ ራይዘን 7 5800ኤክስ ሲፒዩ (ዋናው ማስሊያ ቺፕ) እና አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ ነው። የሙቀት ማንበቢያው ግራፊክስ ካርዱን 83 ዲግሪ፣ ሜሞሪውን ደግሞ 110 ያሳያል። 110 ማለት ለዚህ ሜሞሪ ጣሪያው ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳል። ችግሩ ተገኘ ማለት ነው።

ዛሬ ፈታሁት። ፋኖቹ ላይ ያለው ተራ አቧራ አይደለም። ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበት ቤት ነው። ጭሱ ከመንገድ ቁፋሮው አቧራ ጋር ተጣብቋል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ሰም ተጠቀለለ። በንፋስ ብቻ አይወጣም። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ምላጭ በምላጭ አጸዳሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሙቀቱ የቀነሰው 4 ዲግሪ ብቻ ነው።

መስከረም 23

ማጽዳቱ ካልበቃ ምን ይሻላል? ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ለሲፒዩው ይገኛል። የኔ ጣጣ ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው። ብቻውን 320 ዋት ይበላል። የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

አንድ ነገር ልብ ያልኩት ዛሬ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ አየሩ ከባህር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚገፋው አየር በመጠን ያው ነው፣ በክብደት ግን ያንሳል። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ተፈትኖ «ይበቃል» የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ ላይበቃ ይችላል። ውሃ ግን ከፍታ አይነካውም። ሙቀቱን ከቺፑ ነጥቆ ወደ ሰፊ ራዲያተር ይወስደዋል። ራዲያተሩ ጋ ሲደርስ ያው ስስ አየር ይጠብቀዋል፣ ግን ስፋቱን መጨመር በእጄ ነው።

ወሰንኩ። ሉፑን፣ ማለትም ውሃው የሚዞርበትን መስመር፣ ራሴ እሠራለሁ።

መስከረም 27

ወረቀት ላይ ብቻ የሠራሁበት ቀን ነው። ሲፒዩው እስከ 142 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ 320፣ አንድ ላይ 462 ዋት። ብዙ ሰው የሚከተለው ስሌት ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ 120 ሚሜ ራዲያተር፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ የሚል ነው። በዚያ ስሌት አንድ 360 ሚሜ፣ ማለትም ሦስት 120 በአንድ ላይ፣ ይበቃል። እኔ ግን ስለ አየሩ ስል ሁለት 360 አደረግሁ። አንዱ ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ጣሪያ፣ አንዱ ከፊት። ኬዙን በሜትር ለካሁ። ፊት ለፊት 30 ሚሜ ራዲያተርና 25 ሚሜ ፋን ሲገቡ ለካርዱ 18 ሚሜ ይተርፋል።

ብዙ ጊዜ ያባከንኩት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ከሲፒዩው በፊት ራዲያተር? ከካርዱ በኋላ ራዲያተር? በመጨረሻ ቁጥሩን ሠራሁት። ውሃው በደቂቃ 3 ሊትር ቢዞር፣ 460 ዋት በአንድ ዙር የሚያሞቀው 2.2 ዲግሪ ብቻ ነው። የሉፑ ውሃ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሙቀት አለው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ቱቦው አጥሮ ሳይታጠፍ የሚሄድበት መንገድ ነው። በቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለ። ሪዘርቯሩ (የውሃው ማጠራቀሚያ) ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የመረጥኩት ዲ5 የሚባል ፓምፕ በራሱ ውሃ ነው የሚለሰልሰው። ለትንሽ ሰከንድ እንኳ ደረቅ ከዞረ ይጎዳል።

ሌላው ሕግ ብረት ነው። መዳብ፣ ነሐስና ኒኬል አብረው ይኖራሉ። አሉሚኒየም ግን ከመዳብ ጋር በአንድ ውሃ ውስጥ ከገባ እየተበላ ያልቃል። አንድ ጓደኛዬ ከሱማሌ ተራ የመኪና ማሞቂያ ራዲያተር ገዝተህ ሥራ ብሎኝ ነበር። የድሮዎቹ መዳብና ነሐስ ናቸው፣ ይሆኑ ነበር። ያየኋቸው ሁሉ ግን አሉሚኒየም ሆኑብኝ። ተውኩት።

ጥቅምት 2

ዕቃው የሚመጣው በአጎቴ ልጅ ሻንጣ ነው። ከዱባይ በኅዳር መጀመሪያ ይገባል። ዋጋውን በዶላር ጻፍኩ።

ፓምፕ ከነሪዘርቯሩ 140። የሲፒዩ ብሎክ (ቺፑ ላይ ተቀምጦ ውሃ በውስጡ የሚያልፍበት) 75። የካርዱ ብሎክ 145። ሁለት ራዲያተር 130። ፊቲንግ (ቱቦውን ከዕቃው የሚያገናኝ መጋጠሚያ) 12 ፍሬ፣ 72። የሚዞር 90 ዲግሪ ክርን 4 ፍሬ፣ 36። ሦስት ሜትር ለስላሳ የኢፒዲኤም (ጎማ) ቱቦ፣ ውስጡ 10 ውጭው 16 ሚሜ፣ 20። ስድስት ፋን 72። ማፍሰሻ ቫልቭ፣ ቲ እና 100 ሚሊ ኮንሰንትሬት (ከውሃው ጋር የሚቀላቀል ፈሳሽ) 30። ጠቅላላ 720 ዶላር።

ዶላሩን በ120 ብር ሳሰላው 86,400 ብር ይሆናል። ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ሳይጀምር፣ በባንክ ዋጋ ከዚህ ግማሽ አይሞላም ነበር። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። አዲስ ካርድ ግን ከዚህም በላይ ነው።

ጠንካራውን ግልጽ ቱቦ ያልመረጥኩት በምክንያት ነው። ያምራል። ግን በሙቀት እያጠፉ መቅረጽ ይፈልጋል፣ አንዱ ቢበላሽ ተጨማሪ እዚህ የለም። ጥቁሩ ኢፒዲኤም በመቀስ ይቆረጣል፣ ውሃው ውስጥም ምንም አይለቅም።

ኅዳር 6

ሻንጣው ገባ። ሁሉም አለ፣ ምንም አልተሰበረም።

ፊቲንጎቹ ግን ቱቦውን አይሆኑትም። የመጡት ውጭው 13 ለሆነ ቱቦ ነው፣ የኔ ቱቦ 16 ነው። የውስጡ አፍንጫ ልክ ነው፣ ማጥበቂያው ቀለበት ግን በቱቦው ላይ አያልፍም። ትእዛዙን ገልጬ አየሁ። የጻፍኩት «10 ሚሜ ፊቲንግ» ብቻ ነው። ስህተቱ የኔ ነው። ሁለት ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ፣ አንድ ጻፍኩ። 12ቱም ፊቲንግ የማይሆኑ ናቸው።

የሚቀጥለው መንገደኛ ጥር ላይ ነው። ሁለት የሚረከብ ሥራ አለኝ። እዚሁ መፍትሔ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 8

ሙከራ አንድ። ቀለበቱን ትቼ ቱቦውን በአፍንጫው ላይ አድርጌ በፋሼታ አሰርኩት። አፍንጫው አጭርና ለስላሳ ስለሆነ በመጠኑ ስስበው ወጣ። ከ320 ዋት ካርድ በላይ ይህን አላስቀምጥም።

ሙከራ ሁለት። ቱቦውን መቀየር። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበትን ግልጽ ቱቦ ከፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዛሁ፣ ሦስት ሜትር በ240 ብር። በካሊፐር ስለካው ግድግዳው እዚህ 1.5 እዚያ 1.9 ነው። ቀለበቱ አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ ሌላው ጋ ይላላል። ስታጠፈው ደግሞ ወዲያው ይሰበራል። ይህም አልሆነም።

ኅዳር 12

ወደ ተክለሃይማኖት ሄድኩ። የነሐስ ፊቲንግ ቧንቧ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። የኮምፒውተር ሉፕ ጥርስ ጂ 1/4 ይባላል። ይህ ማለት የተራ ቧንቧው ሩብ ኢንች ጥርስ ነው፣ የተለየ ፍጥረት አይደለም። ደስ ብሎኝ አሥር ገዛሁ፣ በ130 ብር።

ቤት መጥቼ አንዱን ራዲያተሩ ላይ ሞከርኩ። ሦስት ዙር ገብቶ ያዘ። በካሊፐር ጫፉንና ሥሩን ለካሁ። ጫፉ ቀጭን፣ ሥሩ ወፍራም ነው። ሾጣጣ ጥርስ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ በቴፍሎን ጠምጥሞ ብረት ላይ ያጠብቀዋል፣ አይንጠባጠብም። የኔ ፓምፕና ሁለቱ ብሎኮች ግን ክዳናቸው አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው። ሾጣጣ ጥርስ አክሪሊክ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይሰነጥቀዋል። የኔ ፊቲንግ ጥርሱ ቀጥ ያለ፣ ውሃ የሚይዘው ደግሞ ጥርሱ ሳይሆን ሥሩ ላይ ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) መሆን አለበት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ራዲያተሩ ላይ በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ፓምፑ ላይ ቢሆን ኖሮ 140 ዶላሩ አብቅቶለት ነበር። አሥሩንም መለስኩ፣ ባለሱቁ ያለ ክርክር ተቀበለኝ።

ኅዳር 15

ቶርኖ ቤት። አንድ የታክሲ ሹፌር የጠቆመኝ ነው፣ ከተክለሃይማኖት ወደ መርካቶ ስትሄድ ውስጥ ለውስጥ ነው። ባለሙያው ሽማግሌ ናቸው። ለናሙና አንድ የማይሆነውን ፊቲንግ ይዤ ሄድኩ። ሥዕሉንም በወረቀት ሠርቼ ነበር። ጥርሱ 5 ሚሜ ርዝመት፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ከንፈር ለኦሪንጉ፣ ከዚያ 20 ሚሜ አፍንጫ ሁለት ጉብታ ያለው።

«ጋሼ፣ ጥርሱ ከ5 ሚሜ እንዳይበልጥ፣ ከረዘመ ውስጡን ይነካዋል» አልኳቸው።

ፊቲንጉን በእጃቸው አገላበጡት። «ይሄ የቧንቧ ጥርስ ነው ልጄ። በሚሊ ሜትር አይወጣም።»

የመጀመሪያውን ለመሞከር በ1.25 ቆረጡት። ሁለት ዙር ገብቶ ያዘ። አልተከራከሩም። የማሽኑን ጎን ከፍተው ማርሾቹን ቀየሩ። ለአንድ ኢንች 19 ጥርስ፣ ማለትም 1.337 ሚሜ እርምጃ፣ የውጭ ስፋቱ 13.157። እኔ ቁጥሩን ከስልኬ ሳነብላቸው እሳቸው ማርሹን ከግድግዳው ሰሌዳ ነው የሚያነቡት። ነጩ የማቀዝቀዣ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ነሐሱ እንደ ወርቃማ ክር እየተላጠ ሲወድቅ ቆሜ አየሁ። ሁለተኛውን ራዲያተሩ ላይ በጣቴ አስገባሁት። እስከ ከንፈሩ ድረስ ያለ ምንም ትግል ገባ።

ነሐሱን ራሴ ከምናለሽ ተራ አመጣሁ፣ 1,800 ብር። የሥራ ዋጋ ለአንዱ 350፣ ለአሥሩ 3,500። ኦሪንጎቹን ከማይሆኑት ፊቲንጎች ላይ ፈትቼ ወሰድኩ። ፋሼታ አሥር በ600።

ኅዳር 21

አሥሩን ተረከብኩ። ቆርጦ የቀረ የነሐስ ብናኝ በየጥርሱ መሃል ነበር። በቤንዚንና በብሩሽ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃ። አንዲት የነሐስ ቁራጭ ወደ ብሎኩ ቀጭን ቦዮች ከገባች ውሃውን ትዘጋለች።

ኅዳር 23

ዲስቲልድ ውሃ ፍለጋ። በባትሪ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ስትል ሁለት ነገር ሊሰጡህ ይችላሉ። አንዱ አሲድ ነው። ስለዚህ «የሚጨመረውን፣ ንጹሁን» ብለህ ንገራቸው፣ ጽሑፉንም አንብብ። ከአንድ ቦታ አምስት ሊትር ገዝቼ በቲዲኤስ ሜትር (ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በሚለካው) ስለካው 46 አነበበ። ንጹሕ ዲስቲልድ ከዜሮ ብዙ መራቅ የለበትም። በጀሪካን ተቀላቅሎ ይሆናል፣ ለመጥረጊያ አደረግሁት። ሁለተኛው፣ ለላቦራቶሪ ዕቃ ከሚሸጡ ዘንድ የገዛሁት፣ 1 አነበበ። አምስት ሊትር 450 ብር። መለኪያው 900 ብር ነበር፣ ቆጭቶኝ የገዛሁት ነው፣ አሁን አይቆጨኝም።

ራዲያተሮቹን አጠብኩ። ከፋብሪካ ሲወጡ የብየዳ ቅሪት ውስጣቸው አለ። ግማሹን በሙቅ ዲስቲልድ ሞልቼ፣ አፋቸውን በመክደኛ ዘግቼ ለአሥር ደቂቃ ነቀነቅሁ። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ፍንጣሪ ነበረው። በአራተኛው ነጣ። (ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ «የፈላ ውሃ» የሚለውን መመሪያ ሳትጨነቁ ተከተሉ።)

ኅዳር 28

ካርዱን ፈታሁት። ፓዶቹ (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ብሎኩ የሚያሻግሩት ለስላሳ ንጣፎች) ውፍረታቸው በየቦታው ይለያያል፣ በመመሪያው መሠረት ቆርጬ ለጠፍኩ። ሜሞሪው ላይ ፓዱ ብሎኩን በደንብ መንካቱን ለማየት አንዴ ገጥሜ ፈትቼ የተጫነውን ምልክት አየሁ። በሁሉም ቺፕ ላይ ታትሟል። ይህን ሳያዩ መዝጋት አያዋጣም።

ታኅሣሥ 1

የፍሳሽ ሙከራ። ውሃ ከመግባቱ በፊት በአየር። ጎሚስታ ጋ ያለው ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ለጎማ የተሠራ ነው፣ እኔ የምፈልገው ከግማሽ ባር በታች ነው፣ እዚያ ላይ መርፌው ንቅንቅ አይልም። ያገኘሁት መፍትሔ ፋርማሲ ውስጥ ነው። የእጅ የደም ግፊት መለኪያ፣ ማኖሜትሩ ከመጭመቂያው ጋር የተያያዘው ዓይነት፣ 1,600 ብር። እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል። 300 ማለት 0.4 ባር ነው። ለዚህ ሥራ ልክ ነው። የክንድ ጨርቁን ነቅዬ ጎማውን ወደ ቱቦው አስገብቼ በፋሼታ አሰርኩት።

280 ላይ አቁሜ ሰዓት ያዝኩ። በአሥር ደቂቃ 250 ወረደ። ልቤም አብሮ ወረደ። በሳሙና አረፋ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀባሁ። የፊቱ ራዲያተር ታችኛው ፊቲንግ ጥቃቅን አረፋ አወጣ። ፈታሁት። በከንፈሩ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ የመቁረጫው አሻራ ያዘኝ፣ ዓይን የማያየው ቀጭን ጭረት። አንድ ሺህ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በመስተዋት ላይ አድርጌ፣ በውሃ እያራስኩ ከንፈሩን አሽከረከርኩበት። አምስት ደቂቃ። ከዚያ ለጥንቃቄ ዘጠኙንም እንደዚያው አደረግሁ።

እንደገና 280። ለአንድ ሰዓት ፈቀቅ አላለም።

ማታ ሳየው 274 ሆኗል። ደነገጥኩ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን አየሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 22 ነበር፣ አሁን 20 ነው። የታሸገ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ በዚህ ልክ በአንድ ዲግሪ ወደ 3 ገደማ። ሁለት ዲግሪ፣ ስድስት። ነገ ከሰዓት በኋላ 22 ሲሆን አያለሁ።

ታኅሣሥ 2

ክፍሉ 22። መርፌው 280። እንዲህ ያለ ደስታ ከየት ይገኛል!

ታኅሣሥ 4

ሞላሁት። ማዘርቦርዱን ነቅዬ ፓምፑን ብቻ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አገናኘሁ። ያለ ማዘርቦርድ ለማስነሳት በ24ቱ ፒን ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ማገናኘት ነው። የኔ ሽቦዎች ሁሉም ጥቁር ስለሆኑ 16ኛውን ቆጥሬ ከጎኑ ካለው 17ኛ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኘሁ። ከማገናኘቴ በፊት ሶኬቱን ነቅያለሁ።

የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጬ ውሃ ማፍሰሻ አደረግሁት። 900 ሚሊ ውሃ ከ100 ሚሊ ኮንሰንትሬት ጋር። ሪዘርቯሩ ሲሞላ ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ አስነስቼ አጠፋለሁ፣ እንደገና እሞላለሁ። በስምንተኛው ዙር ሞላ፣ 800 ሚሊ ገደማ ጠጣ። በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፍኩ። ኬዙን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ሳጋድል አየሩ እየተንጎራጎረ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ዞረ። አንድ ጊዜ ለሃያ ደቂቃ መብራት ሄዶ ተመለሰ፣ ፓምፑ ራሱ ተነሳ። ጠዋት ሶፍቶቹን አንድ በአንድ በከንፈሬ ነካሁ፣ እርጥበት ከጣት ይልቅ በከንፈር ይታወቃል። ሁሉም ደረቅ ነው።

ታኅሣሥ 6

ቁጥሮቹ። ክፍሉ 21። ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሬንደር አድርጌ፦ ውሃው 34፣ ካርዱ 49፣ ሜሞሪው 76፣ ሲፒዩው 72። ያ 110 የነበረው ሜሞሪ በ34 ዲግሪ ወርዷል። ምስሉ ወደ 39 ደቂቃ ተመለሰ። ፋኖቹ ግማሽ ፍጥነት ላይ ናቸው። ከእናቴ ክፍል ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማኛል፣ ድሮ በር ዘግቼም ፋኑን ነበር የምሰማው።

ውሃው ጤዛ አይፈጥርም ወይ ብሎ ታናሽ ወንድሜ ጠየቀኝ። አይፈጥርም። ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ ሙቀት በታች ማውረድ አይችልም፣ ጤዛ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በታች ሲሆን ነው።

ከዕቅዱ በላይ ያወጣሁት፦ ነሐስና ቶርኖ 5,300፣ ፋሼታ 600፣ የደም ግፊት መለኪያ 1,600፣ ቲዲኤስ ሜትር 900፣ ውሃ 450፣ የማይረባው ቱቦ 240። በድምሩ 9,090 ብር። የተጣለው ዲስቲልድ ውሃ አልተቆጠረም፣ ደረሰኙን አላገኘሁትም።

ታኅሣሥ 12

ወደ ቶርኖ ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ። ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ለረጅም ጊዜ አዩት። የነሐስ ፊቲንጎቹን በጣታቸው እየቆጠሩ «አሥሩም ገብቷል» አሉ። ትርፍ ሁለት እንዲሠሩልኝ ጠየቅሁ፣ 700 ብር ከፈልኩ። በጥር የሚመጣው ሰው ትክክለኛውን ፊቲንግ ሊያመጣልኝ ነበር፣ እንዳያመጣ ደወልኩለት።

ታኅሣሥ 21

በ17ኛው ቀን። ሪዘርቯሩ ላይ በማርከር ካሰመርኩት መስመር ውሃው 3 ሚሜ ወርዷል። ሶፍቶቹ ደረቅ ናቸው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ተደብቆ የነበረ አየር ነው የወጣው። በስሪንጅ 20 ሚሊ ጨምሬ መስመሩ ላይ መለስኩት። ፋኖቹ ላይ ያ የሚጣበቅ አቧራ በስሱ ጀምሯል። የፊቱን ማጣሪያ በወር አንዴ በሳሙና አጥባለሁ፣ ውሃውን ደግሞ ሰኔ ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ አፍስሼ እቀይራለሁ።